የጋሼ ጉታ ዶቅዶቄ ቀብር

በሰባት ዓመቴ የአንዲት ዶቅዶቄ ቀብር ላይ ተገኝቻለሁ። አባቴና እናቴም ነበሩ፤ እነሱ ግን ቀብር ላይ መሆናቸውን አያውቁም። ይህን አየር ጤና ያለው ሱቄ ውስጥ ሳወራ መለዋወጫ ሊገዙ የመጡ ጎረምሶች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ አልፊያ ሽኩር ያየሁትን ነው የማወራው። ያየሁት ነገር በደንብ እስኪገባኝ ድረስ ግን ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እሱን አልክድም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፣ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሊገባ ሲል። ኮልፌ ያኔ አጥሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ክረምቱ የተወው ጭቃም ገና አልደረቀም። አባቴ መካኒክ ነበር። ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ በዚያ ክረምት ካቻቢቴውንና ፒንሳውን በጆንያ ይዞ ቤት ገባ። ግቢያችን ውስጥ አራት አጣና ተከለ፣ ቆርቆሮ መታበት፣ የብረት መያዣ ሞርሳውን ግንድ ላይ አሰረና ሥራ ጀመርኩ አለ። ሥራው ግን አልመጣም። አባቴ ጠዋት ጠዋት መፍቻዎቹን በየተራ ይወለውላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወለወላቸውን መልሶ ይወለውላል።

ለምን ከጋራዡ እንደወጣ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ዙቤዳ ከጎረቤታችን ከእትዬ ገበያነሽ ጋር ስታወራ «ዓይኑ እኮ» ትልና እኔ ብቅ ስል ወሬው ወደ ጎመን ይዞራል። እኔ የአባቴን ዓይን አይቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም። መሬት የወደቀች ብሎን ከእኔ ቀድሞ ያነሳል። ስለዚህ ሰው በዓይኑ የበላው መሰለኝና አንገቱ ላይ የማስርለት ክታብ ፍለጋ የእናቴን ሳጥን በረበርኩ። ተገርፌበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ቅርጽ ያያል፣ ቀለም ግን እየጠፋበት ነበር። ቡኒውና ጥቁሩ፣ ቢጫውና ነጩ አንድ እየሆኑበት ሄዱ። መካኒክን ይህ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ አሉሚኒየም ለሚበይድ ሰው ግን ጉድ ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፣ በቃኝ ይላል። አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ይቆይና ድንገት እንደ ቅቤ ይንጠፈጠፋል። አባቴ ሐምሌ ላይ የአንድ ደንበኛ የሞተር ቤት፣ ያ የአሉሚኒየም ቅርፊቱ፣ እጁ ላይ ቀልጦበት ነው «ሽኩር፣ ቤትህ ግባ» የተባለው።

ይህን የሰማው ታላቅ ወንድሙ አጎቴ ሀያቱ ከአገር ቤት መጣ። አጎቴ ሀያቱ ወፍጮ ያለው፣ ድምፁም ከወፍጮው የማይተናነስ ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ ራት በልቶ እጁን እየታጠበ ወሰነብን።

«ቅዳሜ እቃችሁን ጭነን እንሄዳለን። ዓይኑ የደከመ ሰው ሞተር አይፈታም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ትቀመጥልኛለህ፣ እህል የሚያስገባውን ታያለህ። ወንድሜ ነህ፣ አላፍርብህም።»

በአባቴ ፈንታ መልስ የሰጠችው እናቴ ናት፣ ውሃውን አጎቴ እጅ ላይ እያፈሰሰች።

«ሥራ ይዟል እኮ ጋሼ።»

«የምን ሥራ?»

«የድሬሰሩን ሞተር።»

«ይሥራዋ። ቅዳሜ ጠዋት ካስነሳት እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ድሬሰሩ ጋሼ ጉታ ነው። በዚያች ከጣሊያን ጊዜ በተረፈች ግራጫ ዶቅዶቄ በየገጠሩ እየዞረ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው። ሲመለስ እኔን የቤንዚን ታንከሩ ላይ አስቀምጦ እስከ ማዞሪያው ይወስደኝ ስለነበር ከዶቅዶቄዋ ጋር ዘመድ ነበርን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ወንዝ ሲሻገር ሆዷን ድንጋይ መታት። የሞተሩ ቤት ተሰነጠቀ፣ ዘይቱ ፈሰሰ። ከተማ ያሉት ሁሉ «ይሄ አይበየድም፣ ጣለው» ብለውት፣ መለዋወጫውም ከጠፋ ስንት ዘመኑ ሆኖ፣ በጋሪ አስጭኖ ወደ አባቴ መጣ። እግሩ አብጧል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገጠሩን በእግሩ ነበር የዞረው።

አባቴ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «ይበየዳል» አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

በዚያው ማክሰኞ አጎቴ ከተኛ በኋላ እናትና አባቴ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«እኔ አይልሃለሁ፣ አንተ ትይዛለህ» አለች እሷ።

«ሰው ቢያይስ?»

«አያይም። አንሶላ እጋርዳለሁ።»

እንቅልፌ ወዲያው ጠፋ። አንሶላ መቼ እንደሚጋረድ አውቃለሁ። ጳጉሜ ላይ የእናቴ አባት ለሕክምና እኛ ቤት መጥቶ ሞቶ ነበር። ያኔ ግቢያችን ውስጥ ያ አበባ ያለበት አንሶላ ተጋርዶ፣ ከኋላው በሳሙና ታጥቦ፣ ነጭ ነገር ተነስንሶበት፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሄደ። ልጅ አይጠጋም ተብዬ እንጨት ክምር ላይ ሆኜ ከላይ ከላይ ነው ያየሁት። ስለዚህ ገባኝ። የጋሼ ጉታ ዶቅዶቄ ሞታለች፣ አባቴና እናቴም መርዶውን ለጋሼ ጉታ መንገር ከብዷቸዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እውነትም ያው አንሶላ ተጋረደ። አጎቴ ሀያቱ ከወዲህ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ጋሼ ጉታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሯል። እኔ እንጨት ክምሩ ላይ ወጣሁ።

አባቴ የሞተሩን ቤት የታችኛውን ግማሽ ብቻ ለይቶ አውጥቶታል፤ አራስ ልጅ ያክላል። መጀመሪያ በቤንዚን አጠበው። ከዚያ በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ላይ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሮጥ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፣ ያኔ ግን አስከሬን ላይ ጭካኔ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። ቀጥሎ እናቴ የልብስ ሳሙና አንስታ ደረቁን እያሸች ላዩን ሁሉ አለበሰችው። ውሃ አልነበራትም። እንዴት ያለ ውሃ ይታጠባል ብዬ አዘንኩ። ከትንሽ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት። ሬሳ ላይ የሚነሰነሰው ካፉር መሆኑ አላጠራጠረኝም። የብየዳ ዱቄት ነበር።

አባቴ ከሰሉ ላይ አስቀመጠው። የጋዙን እሳት ለኮሰና መነጽሩን አደረገ። እናቴ አጠገቡ በርከክ ብላ ፊቷን እስክትለበለብ አስጠጋች። ከዚያ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ገና። ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኗል፣ መሃሉ ነጭ ነው። ቆይ።»

«ዙቤዳ።»

«ቆይ አልኩህ። ገብስ ስቆላ አትነዘንዘኝም፣ አሁንም አትነዝንዘኝ።»

ለካ ገና አልሞተችም፣ ነፍሷ እስክትወጣ እየጠበቁ መሰለኝ። እናቴ ዓይኗ እንባ ያፈሳል፣ አባቴ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሳሙናው ሲጠቁር የሚያወጣው ጭስ ዓይን እንደሚያቃጥል የነገረኝ የለም። ያ ሳሙና አባቴ ያጣው ቀለም ነበር፤ አሉሚኒየሙ የማይናገረውን ሳሙናው ቡኒ ሲሆን ይናገራል። ቡኒውን ደግሞ ማየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

«አሁን» አለች እናቴ። «አሁን፣ ያዝ።»

አባቴ ከአሮጌ ፒስቶን አቅልጦ ያዘጋጃትን ቀጭን ዘንግ ከእሳቱ ጋር አስጠጋ። አንሶላው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ወጣ ገባ አለ። አጎቴ መቁጠሪያውን ማንቀሳቀስ አቆመ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ እግሬ ደንዝዞ ነበር። በመጨረሻ እሳቱ ጠፋና አባቴ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፤ እኔም ሞተች ብዬ አለቀስኩ።

በነጭ ጨርቅ ጠቀለሏት። የማይቃጠለው የአዝቤስቶስ ጨርቅ ነው፣ ሳንባ ስለሚጎዳ ዛሬ ሱቄ ቢገባ ሱቁን ጥዬ ነው የምሮጠው። ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮ ትኩስ አመድ ተሞልቷል። አባቴ በሁለት እጁ ይዞ «ቢስሚላህ» ብሎ አወረዳትና እናቴ አመድ መለሰችባት። ከላይ ጉብ አለች፣ ትንሽ መቃብር።

«ማንም እንዳይነካት» አለ አባቴ። «በዝግታ ካልበረደች ትሰነጠቃለች። እስከ ነገ ትረፍ።»

ከዚያ ወንዶቹ ለመግሪብ ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ጋሼ ጉታም ወደ ቤቱ። እናቴ ዕቃ ልታነሳሳ ገባች። እኔና መቃብሩ ቀረን።

ለአያቴ ቀብር ሴት አልሄደችም፣ እኔም አልሄድኩም። የአክስቴ ልጅ ግን ሁሉን ነግሮኛል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከራስጌ እስከ ግርጌ ውሃ ይረጫል ብሎኛል፣ ሳይረጭ የሚሄድ የለም። አሁን ሁሉም ረስተው ሄዱ። ታንከር ላይ ስንት ጊዜ ያስቀመጠችኝን ዶቅዶቄ እንዲህ ደረቅ አድርገው ትተዋት ሲሄዱ ልቤ አልቻለም። አባቴ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ አነሳሁ፣ ሞልቶ ነበር። ከራስጌ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ አመዱ ፍሽሽ ብሎ ነጭ እንፋሎት ፊቴ ላይ ወጣ።

ማንቆርቆሪያውን ጥዬ እንጨት ክምሩ ጀርባ ገባሁ። መለሰችልኝ ብዬ ነው የፈራሁት።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። እርጥቡን አመድ አየች፣ ማንቆርቆሪያውን አየች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጮኻ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልጮኸችም። አካፋ አንስታ እርጥቡን በፍጥነት ገፈፈች፣ ተንበርክካ እጇን አመዱ ውስጥ ከተተች፣ ተቃጠለችና አወጣችው። ከዚያ አጥሩን ይዛ ተጣራች።

«ገበያነሽ፣ ምድጃሽ ላይ ያለውን አመድ ሁሉ አምጪልኝ። ከነፍሙ።»

እሳት መጫጫር እንደሆነ የሰፈሩ ልማድ ነው፤ አመድ ሲለመን ግን ሰምተው አያውቁም። ቢሆንም መጡ። እትዬ ገበያነሽ በገል፣ ከወዲያ ማዶ ሌላዋ በአሮጌ ባኞ፣ አንዷ ልጇን አዝላ በቆርቆሮ፣ ከየቤቱ። እኔ ከእንጨቱ ጀርባ የማየው ለቀስተኛ ነው። ሴቶች በየተራ ወደ መቃብሩ ይጠጋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ የያዙትን ያፈሱበታል። ሴት ወደ ቀብር አይሄድም ሲባል ሰምቼ ስለነበር ለዶቅዶቄ ሲሆን ይፈቀዳል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬን ያበላሸው የእትዬ ገበያነሽ ሳቅ ነው።

«ዙቤዳ፣ ልጅሽ ጠበል ረጨችበት እንዴ? የእኛ ልትሆን ነው መሰለኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ እናቴም የተቃጠለ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ሳቀች። በቀብር ላይ ሲሳቅ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፣ በጣም ተቀየምኳቸው።

ወንዶቹ ሲመለሱ ግቢው ጭር ብሏል። እናቴ እኔን ቀድማ አግኝታኝ ነበር፣ አገጬን ይዛ።

«ለምንድን ነው ውሃ ያፈሰስሽው?»

«ለቀብሯ ነዋ። ለአያቴ ተረጭቶ የለ?»

ልታስረዳኝ ትችል ነበር፤ አላስረዳችኝም። ደረቷ ላይ አጣበቀችኝና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ትሳቅ ታልቅስ ዛሬም አላወቅኩም። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «ሁለተኛ ግን እንዳታደርጊው። ለአባትሽም አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።»

ዓርብ ከጁምዓ መልስ አባቴ አመዱን በእጁ መጫር ጀመረ። ገና ሁለት እፍኝ እንዳወጣ የተሰበረ ገል አገኘ። አገላብጦ ዳሰሰው።

«ይሄ የእኛ አመድ አይደለም» አለ።

እናቴ መሬት መሬት አየች። አጎቴ ሀያቱ ጢሙን ጠራረገ። አባቴ ገሉን ወደ ጎን አስቀመጠና መጫሩን ቀጠለ። ነጩ ጨርቅ ብቅ ሲል እኔ ሙታን የሚነሱበት ቂያማ የደረሰ መስሎኝ ወደ በሩ በረርኩ። አጎቴ በቀሚሴ ያዘኝ።

ስትወጣ ገና ሞቃት ነበረች። አባቴ የበየደውን መስመር በጥፍሩ ተከተለው። ከዚያ ውጭዋን በጠመኔ ነጭ አድርጎ ቀባና ውስጧ ነጭ ጋዝ ሞላበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ሾልኮ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሲያስረዳ እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃዬ ገድሏት ከሆነ አሁን ይታያል። ነገ ደግሞ ሻንጣ ይጫናል፣ አባቴ ወፍጮ ቤት በር ላይ ይቀመጣል።

«አልፊያ፣ ነይ እዪልኝ» አለ አባቴ።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ አጎቴ።

«አንተ ስንጥቅ ነው የምትፈልገው። እሷ ያለውን ታያለች።»

ቁጭ ብዬ አፈጠጥኩ። ዓይኔ እስኪያቃጥል አየሁ። እናቴ ከኋላዬ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ብዙ ቆይቶ ከመስመሩ በታች አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ልዋሽ ፈለግሁ፣ ወላሂ ፈለግሁ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«እዚህ ጋ ጥቁር ነገር አለ።»

አጎቴ ተነሳ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ጎንበስ ብላ በትንሿ ጣቷ ነካችው። ተጠረገ።

«አመድ ነው» አለች።

ጠመኔ ደግመን ቀባን። ጸሐይ ከባሕር ዛፉ ጀርባ እስክትገባ ተቀመጥኩ። ነጭ ነበር፣ ዳር እስከ ዳር ነጭ። አጎቴ ሀያቱ ራሱ ተንበርክኮ አየ፣ ጣቱን አሳልፎ አሸተተ፣ ሲነሳ ጉልበቱ ጠመኔ ነክቶት ነበር።

አባቴ ሌሊቱን ሞተሩን መልሶ ሲገጥም አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። አመድ ያመጡት ሴቶች ሁሉ መጡ፤ የአመዳቸውን ውጤት ሊያዩ ነዋ። ጋሼ ጉታ ባበጠ እግሩ ረገጠ፣ ዝም አለች። ደግሞ ረገጠ፣ አንዴ ሳለችና ዝም አለች። አባቴ እሳት የምትረጨውን ካንዴላዋን ነቀለ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መለሰ። በሦስተኛው ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፣ ዶቅ ዶቅ ዶቅ እያለ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ገበያነሽ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። አባቴ መሬት ላይ ተኝቶ ሆዷን በእጁ ዳበሰና እጁን አውጥቶ ለሁሉም አሳየ። ደረቅ ነበር፣ ጠብታ ዘይት የለበትም። እኔ ከሞት ስትነሳ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ከደስታዬ ብዛት የምሆነው ጠፋኝ።

ጋሼ ጉታ «ጋሼ ሀያቱ፣ ይውጡ» አለ ከኋላው ያለውን ቦታ እያሳየ። አጎቴ ጀለቢያውን ሰብስቦ ወጣ። እስከ ማዞሪያው ሄደው ሲመለሱ ኮፊያው ወደ ጎን ተገፍቶ፣ ጢሙ አቧራ ለብሶ፣ እንደ ልጅ ይስቃል። ወርዶ አባቴን ትከሻውን ያዘው።

«በል ንገረኝ። በምን ዓይንህ ነው የበየድካት?»

አባቴ ዙሪያውን ያለውን ሰው አየ። ይህን መልስ ሦስት ቀን ሙሉ አንሶላ ጋርዶበት ነበር።

«በዙቤዳ ዓይን» አለ። «የሳሙናውን ቀለም እሷ ናት ያየችልኝ። እኔ እጅ ብቻ ነኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ አንሶላው ለምንድን ነው?»

«እንዳትስቅብኝ ፈርቼ።»

አጎቴ ሀያቱ አንሶላውን አየው፣ ገና ገመዱ ላይ ነበር። ሄዶ በገዛ እጁ አወረደው፣ አጠፈውና ለእናቴ ሰጣት። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ሄደ። በዚያ ማታ እኔ እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ዓይኖቿን አየሁ፣ ለአባቴ የሰጠችው አንዱን ይሁን ሁለቱን ለማጣራት። ሁለቱም ነበሩ።

አባቴ «ፈርቼ» ያለውን ያኔ ልብ አላልኩትም ነበርና፣ ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን አንሶላው እሳቱን ከነፋስ ለመጋረድ እንደነበር ለባሌ ሳስረዳ እናቴ ሰምታኝ «የምን ነፋስ? ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ነበር» አለች። ገሉንም አባቴ እስኪሞት ድረስ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ውሃውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በኅዳር አጎቴ ሀያቱ ተመልሶ መጣ። በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ተሸክሟል፣ የወፍጮው ሞተር ክዳን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አባቴ ሞርሳው አጠገብ ቆሟል። አጎቴ አልፎት ሄዶ ክዳኑን እናቴ እግር ሥር አስቀመጠ።

«ዙቤዳ፣ እስቲ እዪልኝ።»

እናቴ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ተነሳች። ሳሙና ልታመጣ መሰለኝ። እሷ ግን መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና እኔ የማልደርስበት ጣራ ላይ ሰቀለችው።